የከሰል ከተማና ፍሬዋ፦ ሜሎን በቀዝቃዛ አገር

በግንቦት ወር 2019 በሰሜን ጃፓን፣ በሳፖሮ ከተማ የጅምላ ገበያ፣ ሁለት የሜሎን ፍሬዎች ለጨረታ ቀረቡ። ጨረታው ሲዘጋ ዋጋቸው 5 ሚሊዮን የን ደርሶ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ45 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ መሆኑ ነው። እርግጥ ይህ የዘወትር ዋጋ አይደለም። በጃፓን የወቅቱን የመጀመሪያ ምርት በከፍተኛ ዋጋ መግዛት የመልካም ምኞት መግለጫ ሆኖ የኖረ ልማድ ነው፤ ለገዢው ድርጅትም ከማስታወቂያ ይቆጠርለታል። ያም ሆኖ ነገሩን ልብ የሚያሰኘው ፍሬዎቹ የመጡበት ቦታ ነው። የተለቀሙት ሆካይዶ በተባለችው ሰሜናዊ ደሴት፣ በተራሮች መካከል ከተሸጎጠችውና የብርዱ ወራት በረዶ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከማይለቃት ከዩባሪ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩባሪ ቀድሞ ስሟ የሚነሳው በድንጋይ ከሰል ነበር። የከሰል ጉድጓዶቿ ከተዘጉ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል፤ ማዘጋጃ ቤቷም በ2007 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወድቋል። ታዲያ ፀሐይና ሙቀት የሚሻ ተክል በዚህች ብርዳም ሸለቆ እንዴት ሊሰምር ቻለ? ለከተማይቱስ ምን ተረፋት? መልሱ ከዩባሪ በፊት፣ ከሩቅ ዘመን ይጀምራል፤ ሰው ሙቀትን ከልዩ ልዩ ምንጭ እየተበደረ ሜሎንን ወደ ቀዝቃዛ አገር ካሻገረበት ታሪክ።

የሙቅ አገር ልጅ

ሜሎን ከዱባና ከኪያር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ብዙ ሰው ከሐብሐብ ጋር ያቀላቅለዋል፤ ይሁን እንጂ የሐብሐብ ዘር በሥጋው ውስጥ ተበታትኖ ሲገኝ የሜሎን ዘር ግን እንደ ዱባ መሐሉ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሰው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በበረሃ ሳሉ የግብፅን ምግብ እያስታወሱ ሲያጉረመርሙ «በጢኽ» የሚለውን ስም ያገኛል፤ በሙቅ አገር የለመዱት፣ በራባቸው ጊዜ የናፈቃቸው የዚሁ ቤተሰብ ፍሬ ነው።

የሜሎን ዘመዶች ለአፍሪካ ቀንድ እንግዳ አይደሉም። በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው በዓለም ላይ የሚለሙት የሜሎን ዝርያዎች ከሁለት የዘር ሐረጎች የወረዱ ናቸው። አንደኛው የእስያ ሲሆን በዓለም ገበያ የሚሸጡት ጣፋጮቹ ዓይነቶች የተገኙት ከእርሱ ነው። ሁለተኛው የአፍሪካ ነው፤ በሱዳን ገበሬዎች እጅ እስከ ዛሬ የሚለማው ቲቢሽ የተባለው ሜሎን የዚህኛው ወገን ነው። ቲቢሽ አይጣፍጥም፤ ሱዳኖች እንደ ኪያር በጥሬው ይበሉታል።

የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ተክሉ የሚጠይቀው ሙቀት ነው። ዘሩ በደንብ የሚበቅለው የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። አየሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይገታል፤ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው ደግሞ ይሞታል። ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ፍሬው እስኪበስል ሦስት ወር ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ጣፋጭነቱ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ሙዝ ካልበሰለ ተቆርጦ ቤት ውስጥ ሊጣፍጥ ይችላል፤ በውስጡ ያከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣልና። ሜሎን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ስኳሩን ከቅጠሉ የሚቀበለው ከመብሰሉ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ገደማ ነው፤ ከሐረጉ ከተለየ በኋላ ይለሰልስ እንደሆነ እንጂ አይጣፍጥም። በቀዝቃዛ አገር ደግሞ ሰማዩ የሚደምነውና ሌሊቱ የሚበርደው ብዙውን ጊዜ በእነዚያው ሁለት ሳምንታት ነው። ስለዚህም በሰሜኑ አገር ሜሎን የሚተክል ሰው ሐረጉ ለምልሞለት፣ ፍሬው ወፍሮለት፣ ጣዕሙ ግን ውኃ ሆኖበት ሊቀር ይችላል።

ፋንድያ፣ ብርጭቆና ከሰል

ከዚህ ችግር ጋር የተደረገው ትግል ቢያንስ ሁለት ሺህ ዓመት አስቆጥሯል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደተረከው ጢባርዮስ ቄሣር ከማዕዱ አንድም ቀን እንዲለየው የማይፈልገው አትክልት ነበር። አትክልተኞቹም መደቡን በመንኮራኩር ላይ ሠርተው ወደ ፀሐይ ይገፉት ነበር፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ብርሃን በሚያስተላልፍ ስስ ድንጋይ ከተሸፈነ ክፈፍ ሥር ያስገቡታል። ይህ አትክልት ለብዙ ዘመን ኪያር ነው ሲባል ቢኖርም በዘመናችን ነገሩን የመረመሩ የዕፅዋት ታሪክ ተመራማሪዎች ረጅም የሜሎን ዓይነት እንደነበር አስረድተዋል። የግሪን ሃውስ ታሪክ አንዱ መነሻ፣ እነሆ፣ የአንድ ንጉሥ አምሮት ነው።

ከዚያ 1600 ዓመታት ያህል ቆይቶ ሌላ ንጉሥ ተመሳሳይ ነገር አዘዘ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አጠገብ ከ1678 እስከ 1683 ባለው ጊዜ ሰፊ የአትክልት ቦታ አሠራ፤ ሥራውንም ዣን ባፕቲስት ደ ላ ካንቲኒ ለተባለ ሰው አደራ ሰጠ። ላ ካንቲኒ በመጀመሪያ ሕግ የተማረ ሰው ነበር፤ ይበልጥ የታወቀው ግን በአፈር ሥራው ነው። ሙቀት የሚያገኘው ከንጉሡ ፈረሶች ጋጣ ነበር። ትኩስ ፋንድያ ከጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ረጥቦና ተቆልሎ ሲቀመጥ ይብላላል፤ ሲብላላም ይግላል። የመጀመሪያው ግለት ዘር ያቃጥላል፤ አትክልተኛው ቀናት ጠብቆ፣ እጁን ወደ ክምሩ አስገብቶ ግለቱ መብረዱን ካረጋገጠ በኋላ ለም አፈር ከላዩ ያለብሰዋል፤ ችግኙንም ተክሎ የብርጭቆ ደወል ይደፋበታል። ላ ካንቲኒ በ1688 ከሞተ በኋላ መጽሐፉ በ1690 ታተመ፤ ከሦስት ዓመትም በኋላ በጆን ኤቭሊን ስም ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ወጣ። በእንግሊዝኛው እትም ስለ ሜሎን አተካከል ብቻ የሚናገር ክፍል መኖሩ ፍሬው በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደተከበረ ያሳያል።

ይህ የንጉሥ ጥበብ በ19ኛው መቶ ዓመት የተራ ሰው መተዳደሪያ ሆነ። የፓሪስ ከተማ አትክልተኞች ከከተማይቱ የጋሪ ፈረሶች የሚወጣውን ፋንድያ እየሰበሰቡ፣ በሺህ በሚቆጠሩ የብርጭቆ ደወሎችና ክፈፎች ሥር ሜሎን ያመርቱ ጀመር። ጥበቡ ከፈረሱ ጋር የተቆራኘ ነበርና አውቶሞቢል ፈረሱን ከመንገድ ሲያስወጣው የአትክልተኛው የሙቀት ምንጭም አብሮ ደረቀ።

እንግሊዝ ሌላ ምንጭ ነበራት። በዚያ አገር በብርጭቆ ላይ ተጥሎ የነበረው ግብር በ1845 ሲነሳ የብርጭቆ ቤት መሥራት ረከሰ፤ የድንጋይ ከሰል እንደሆነ ሞልቶ ነበር። በከሰል በሚነድ ማሞቂያ የጋለ ውኃ በብረት ቱቦ እየተዘዋወረ የባለጸጎቹን የመስተዋት ቤቶች ያሞቅ ጀመር። በእነዚህ ቤቶች ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ «የአርሉ ተወዳጅ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የወጣለት፣ ልጣጩ መረብ የለበሰ የሚመስል፣ ሥጋው አረንጓዴና በጣም ጣፋጭ ሜሎን ነበር። ይህ ዝርያ በ1920ዎቹ ወደ ጃፓን ገባ። በሺዙኦካ አውራጃ ያሉ ገበሬዎችም በብርጭቆ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሐረግ አንድ ፍሬ ብቻ እያስቀሩ፣ የስጦታ ዕቃ አደረጉት። በጃፓን ለታመመ ወዳጅ ወይም ለአለቃ ሜሎን ይዞ መሄድ ትልቅ አክብሮት ሆነ።

ከከሰል ጉድጓድ አጠገብ

በዩባሪ ተራሮች ትልቅ የከሰል ክምችት መኖሩ የታወቀው በ1888 ሲሆን ቁፋሮው የተጀመረው በ1890 ነው። የጃፓን ባቡር፣ መርከብና የብረት ማቅለጫ ከሰል በጠየቀ ቁጥር ሸለቆው በሰው ይሞላ ጀመር። በ1960 የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ116 ሺህ አልፎ ነበር። ዋጋው ግን በደም የተከፈለ ነው፤ በ1914 በደረሰ አንድ የጋዝ ፍንዳታ ብቻ ከ400 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል።

በዚህች ከተማ ገበሬ መሆን የኋላ ረድፍ ነበር። ሜዳው ጠባብ፣ ቁልቁለቱ ብዙ፣ ከውርጭ ነጻ የሆነው ወቅት አጭር ነው። የማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ የገበሬውን ልጅ ይስበው ነበር። በአንዳንድ ጓሮዎች ግን ሥጋው ብርቱካንማ፣ መዓዛው የሚያውድ የካንታሎፕ ሜሎን ይበቅል ነበር። ጉድለቱ አለመጣፈጡ ነው። በ1960 ጥቂት ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው ይህንን ጠረነ መልካም ግን ጣፋጭነት የጎደለውን ሜሎን ከእንግሊዙ «የአርሉ ተወዳጅ» ጋር አዳቀሉት። ድቅሉ ከአንደኛው ወላጅ መዓዛውንና ቀለሙን፣ ከሌላኛው ስኳሩንና የመረብ ልጣጩን ወረሰ። «የዩባሪ ንጉሥ» የሚል ስም ተሰጥቶትም በ1961 ለገበያ ቀረበ። አረንጓዴ ሜሎን ለለመደው የቶኪዮ ገዢ ብርቱካንማው ሥጋ እንግዳ ነበር፤ ያሸነፈው በጣዕሙ ነው።

ገበሬዎቹን የረዳቸው ሌላም ነገር ነበር፤ ፕላስቲክ። በ1948 በአሜሪካ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ኤመሪ ኤመርት የተባሉ ምሁር ብርጭቆ መግዛት ሲያቅታቸው ግሪን ሃውሳቸውን በፕላስቲክ ሸፈኑት። በ1950ዎቹ ይኸው ዘዴ በጃፓን ተስፋፋ። ንጉሥና ባለጸጋ ብቻ የነበረው የብርሃን ቤት፣ በቀላል ቅስት ብረትና በስስ ላስቲክ፣ የደሃ ገበሬም ሆነ።

ብርዱ ሲታረቅ

በዩባሪ የሜሎን ሥራ የሚጀመረው ምድሩ ገና ነጭ እንደለበሰ ነው። በሆካይዶ ገበሬዎች በረዶው ቶሎ እንዲቀልጥ ጥቁር የከሰል ብናኝ በማሳቸው ላይ ይበትናሉ፤ ጥቁር ነገር የፀሐይን ሙቀት ይስባልና። ዘሩ በሚሞቅ ቤት ውስጥ ይፈላል፤ ችግኙም በድርብ ላስቲክ ወደ ተሸፈነ የፕላስቲክ ቤት ይዛወራል። ሌሊት ሙቀቱ እንዳይወርድ በነዳጅ ይሞቃል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ እንዳይታፈን ጎንና ጎኑ ይከፈታል። አበባው ሲፈነዳ ቀፎ ገብቶ ንቦች ያዳቅሉታል። ከዚያ ገበሬው የማይፈለጉትን ፍሬዎች እየቀነሰ ለቀሩት ጥቂቶች ቅጠሉን ሁሉ ስንቅ ያደርግላቸዋል። ለቀማው ከግንቦት መጨረሻ ተነሥቶ እስከ ነሐሴ ይዘልቃል።

የብርዱ ሌላ ገጽ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ተክል ቀን በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ሌሊት ሲተነፍስ ከሠራው ላይ ይመነዝራል። ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ ብዙ ይመነዝራል፤ ቀዝቀዝ ካለ ግን የቀኑ ትርፍ በፍሬው ውስጥ ይቀመጣል። የተራራ ሸለቆ የሆነችው ዩባሪ ቀኗ ሲሞቅ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ተክሉ በልጅነቱ የሚፈራው ብርድ፣ ሥር ከሰደደና ፍሬ ከያዘ በኋላ፣ በልክ ሲሆን የጣዕሙ ጠባቂ ይሆናል። በሆለታ ወይም በናይቫሻ ደጋ የአበባ እርሻ ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ በዚያም የጽጌረዳው እምቡጥ የሚተልቀው ቀዝቃዛው ሌሊት እድገቱን ስለሚያዘገየው ነው።

ጥበቡ በፕላስቲክና በብርድ ብቻ አላበቃም። «የዩባሪ ንጉሥ» ድቅል በመሆኑ ከበላው ፍሬ ዘር አውጥቶ የሚተክል ሰው ያንኑ ሜሎን አያገኝም። ወላጆቹ ዝርያዎች በገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር እጅ ተጠብቀው የሚኖሩ ሲሆን ዘሩ የሚታደለው ለአባላት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ በመልኩ፣ በልጣጩ መረብና በስኳር መጠኑ ተመርምሮ በአራት ደረጃ ይከፈላል፤ ከደረጃ በታች የሆነው በዩባሪ ስም አይሸጥም። ፍሬው ቶሎ ስለሚበስል በቀናት ውስጥ መበላት አለበት፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጃፓን የተስፋፋው የቤት ለቤት ዕቃ ማድረስ አገልግሎት ከማሳው ቀጥታ ወደ በላተኛው ቤት አደረሰው። ስሙ በ1993 የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ፤ በ2015 ደግሞ ጃፓን ለቦታ ስም ያወጣችው የሕግ ጥበቃ ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ምርቶች አንዱ ሆነ። ኢትዮጵያ ከ2005 ጀምሮ ለሐረር፣ ለሲዳሞና ለይርጋጨፌ ቡና ስም ያደረገችውን ሙግት የሚያስታውስ አንባቢ የቦታ ስም ለገበሬ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ያውቃል።

ጉድጓዱ ሲዘጋ

ሜሎኑ ሲያድግ ከሰሉ ይሞት ነበር። ነዳጅ ዘይትና ከውጭ የሚገባ ርካሽ ከሰል የዩባሪን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ዘጋቸው። ጥቅምት 16 ቀን 1981 በአንደኛው ጥልቅ ማዕድን ጋዝ ገንፍሎ እሳት ተነሣ። ሙታኑ 93 ነበሩ። እሳቱን ማጥፋት ባለመቻሉ፣ 59 ሰዎች ገና ከጉድጓዱ ሳይወጡ፣ በቤተሰቦቻቸው ለቅሶ መሐል ውኃ እንዲለቀቅበት ተደረገ። የማዕድኑ ባለቤት ኩባንያ በዚያው ዓመት ከሰረ። የመጨረሻው የዩባሪ ጉድጓድ የተዘጋው በ1990 ነው።

ኩባንያዎቹ ሲሄዱ የሠራተኛ ቤቶቹንና ሆስፒታሉን ማዘጋጃ ቤቱ ወረሰ። ሥራ ለመፍጠር በሚል ተስፋ የመዝናኛ መንደር፣ ሆቴልና የበረዶ መንሸራተቻ በብድር አቆመ፤ ጎብኚ ግን እንደታሰበው አልመጣም። ጉድለቱ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እየተዘዋወረ ተሸፍኖ ቆይቶ በ2006 ፈነዳ። በመጋቢት 2007 ከተማይቱ 35 ቢሊዮን የን በሚያህል ዕዳ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ገባች። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ 171 አልጋ የነበረው ሆስፒታል 19 አልጋ ያለው ክሊኒክ ሆነ፤ ትምህርት ቤቶቹ ተጨፍልቀው አንድ የመጀመሪያ ደረጃና አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ቀሩ። ወደ ከተማይቱ የሚገባው የባቡር መሥመር በ2019 ተዘጋ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ከ7,500 በታች ነበር።

«ሳይደግስ አይጣላም» እንዲሉ፣ ከከሰሉ በፊት ማንም ቁም ነገር ብሎ ያልቆጠረው የጓሮ ፍሬ የከተማይቱ መታወቂያ ሆኖ ቀረ። ነገሩን ግን ከልኩ በላይ ማጋነን አይገባም። ሜሎን ዩባሪን ከኪሳራ አላዳናትም፤ አሥር ሺዎችን ይቀጥር የነበረውን ማዕድን የሚተካ አቅምም የለውም። የሚያለሙት ቤተሰቦች ቁጥር እየቀነሰ፣ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። የማሞቂያው ነዳጅ ከውጭ የሚገዛ በመሆኑ ዋጋው በናረ ቁጥር ጭንቀቱ ከገበሬው ደጅ ይደርሳል። ከምድሯ ሙቀት እያወጣች ለአገር ስትሸጥ የኖረች ከተማ፣ ለፍሬዋ የሚሆን ሙቀት ከባሕር ማዶ ትገዛለች። ጨረታውም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2019 አምስት ሚሊዮን የን ያወጡት ሁለት ፍሬዎች፣ በወረርሽኙ ዓመት በ2020፣ 120 ሺህ የን ነው ያወጡት።

ሆኖም ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከሰሉን ያወጡት ኩባንያዎች ሲያልቅ ጥለውት ሄዱ። የመዝናኛ መንደሩም ከሌላ ቦታ የተቀዳ፣ ከሸለቆው ጋር ዝምድና የሌለው ሐሳብ ነበር። ሜሎኑን ግን የፈጠሩት እዚያው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ያገራቸውን ብርድ አልካዱም፤ ተክሉ ሊችለው የማይገባውን ከለከሉለት፣ የሚጠቅመውን ተዉለት። ዘሩንና ስሙንም ከእጃቸው አላወጡም። የጢባርዮስ አትክልተኞች መደቡን ወደ ፀሐይ ሲገፉ፣ ላ ካንቲኒ ክንዱን ወደ ፋንድያ ክምር ሲያስገባ፣ እንግሊዛዊው ከሰል ሲማግድ የደከሙት ለጌቶቻቸው ማዕድ ነበር። የዩባሪ ገበሬ ያንኑ ድካም ሲደክም ማዕዱ የራሱ ነው። ከዕዳ የመጨረሻው ክፍያ እስከ 2027 መጋቢት እንዲጠናቀቅ በታቀደላት በዚያች ከተማ፣ ከየትኛውም የማዘጋጃ ቤት ዕቅድ ይልቅ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የተፈጸመው ሥራ ይኸው ነው፤ በረዶው ሳይቀልጥ ዘር ማፍላት።